ማሽተት ስለ አእምሮ ጤና የሚሰጠው ምስክርነት

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ከአምስቱ ሕዋሳት መካከል ማየትና መስማት ሁልጊዜ የከበረውን ስፍራ ሲይዙ፣ ማሽተት ግን እንደ ታናሽ ወንድም ከኋላ ይቈጠራል። ዐይኑ የደከመ ሰው መነጽር ይፈልጋል፤ ጆሮው የከበደም ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ሽታ መለየት ያቃተው ሰው ግን ነገሩን እንደ ጕዳት ሳይቈጥረው ዝም ብሎ ይኖራል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሕዋሱ እንደ ደከመበት ራሱ አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ሕዋስ ላይ የሚደርሰው ጕድለት በቤተ ሰብ ዘንድም በሐኪም ፊትም ሳይነገር ይቀራል።

ይሁን እንጂ የሕክምና ሊቃውንት ከአርባ ዓመት በላይ ያደረጉት ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ ይህ የተናቀው ሕዋስ ስለ አእምሮ ጤና አስቀድመው ሊናገሩ ከሚችሉት ምስክሮች አንዱ ነው። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ስምንና ቀንን ከማስረሳቱ፣ የለመዱትንም መንገድ ከማሳሳቱ በፊት፣ ሽታን የሚቀበሉትንና የሚተረጕሙትን የአንጐል ክፍሎች ገና በጥዋቱ ይነካል። ስለዚህ የማሽተት መድከም በሚገባ ቢመረመር፣ በሽታው ቤቱን ሁሉ ሳይወርስ በደጅ ሳለ ሊታወቅ የሚችልበት መንገድ ይከፈታል።

ይህን ነገር ማወቅ ለሐኪም ብቻ የተተወ አይደለም። አእምሮው መድከም የጀመረ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሐኪም ቤት አይደለምና። አንዱ በርስቱና በገንዘቡ ነገር ከልጆቹ ጋራ ተጣልቶ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ሌላው የሰጠውን ረስቶ «ተሰረቅሁ» እያለ ለአስተዳዳሪ አቤት ይላል፤ ሌላውም የተናገረውን እየደጋገመ በነፍስ አባቱ ፊት ይቀመጣል። እንግዲህ ዳኛውም፣ ሹሙም፣ ካህኑም የበሽታውን ጠባይ ያላወቁት እንደ ሆነ፣ ሕመምተኛውን እንደ ጠበኛ፣ እንደ ሐሰተኛ ወይም መንፈስ እንዳደረበት ሰው ሊቈጥሩት ይችላሉ። ዕውቀት የሚያስፈልገውም ይህን የመሰለው ፍርድ እንዳይሳሳት ነው።

የበሽታው ታሪክ አጭር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1901 ዓ.ም. ኦጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባች። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ሐኪም ስሟን በጠየቃት ጊዜ «ኦጉስተ» አለችው፤ የባሏን ስም ቢጠይቃትም እንደ ገና «ኦጉስተ» ብላ መለሰች። የአሳማ ሥጋና አበባ ጎመን ስትበላ አይቶ ምን እንደምትበላ ቢጠይቃት «ስፒናች ነው» አለች። ይህች ሴት በ1906 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ አልዛይመር አንጐሏን በማጕሊያ መነጽር መርምሮ፣ በነርቭ ሴሎቿ መካከል የተጋገረ ባዕድ ነገር፣ በሴሎቹም ውስጥ ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት የተወሳሰበ ክር አገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቱቢንገን ከተማ በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ያየውን ገለጠ። በ1910 ዓ.ም. ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ሊቅ በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይታወቃል።

ያ የተጋገረው ነገር አሚሎይድ ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ፣ የተወሳሰበውም ክር ታው ከተባለ ሌላ ፕሮቲን የተሠራ መሆኑ ከብዙ ዓመት በኋላ ታወቀ። ታው በጤናው ጊዜ በነርቭ ሴል ውስጥ ምግብ የሚመላለስበትን መንገድ አጽንቶ የሚይዝ ነው፤ ጠባዩ ሲለወጥ ግን ከስፍራው ይነቀልና እርስ በርሱ ይጠመጠማል፤ መንገዱም ይፈርሳል፤ ሴሉም ቀስ በቀስ ይሞታል። እንዲህ ያለው ጥፋት የመርሳት ምልክት በግልጥ ከመታየቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ በስውር ይጀምራል።

የበሽታውም ብዛት የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፣ በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቍጥር 57 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጡት በሀብት መካከለኛና ዝቅተኛ በሆኑት አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚደርሰው አልዛይመር ነው። እንግዲህ ይህ በሽታ የባለጸጎች አገር በሽታ ነው የሚለው አሳብ በቍጥር የተሻረ ነው። የሰው ዕድሜ እየረዘመ በሄደባት በኢትዮጵያም ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ማሽተት ከመርሳት ጋራ የተገናኘበትን ምክንያት ለማስተዋል የሽታን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። ቡና ሲቈላ ወይም ዕጣን ሲጤስ፣ ዐይን የማያያቸው ደቃቅ ነገሮች ከአየር ጋራ ወደ አፍንጫ ይገባሉ። በአፍንጫ ጣራ ላይ፣ ወደ ላይ በጠለቀው ስፍራ፣ ሽታን የሚቀበሉ የነርቭ ሴሎች ተሰልፈው ይኖራሉ። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1991 ዓ.ም. የእነዚህን ተቀባዮች ምስጢር ገልጠው፣ ስለዚሁ ሥራቸው በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሥራ የሚሠሩት የሽታ ተቀባዮች ወደ 400 የሚጠጉ ዐይነቶች ናቸው። አንድ ሽታ ብዙ ተቀባዮችን በአንድነት ይነካል፤ እንደ ፊደልም እየተጋጠሙ ቃል ይሠራሉ። ሰው በጥቂት ተቀባዮች እጅግ ብዙ ሽታ ለመለየት የቻለው ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ ተቀባዮች የሚነሡት ቀጫጭን ክሮች እንደ ወንፊት የተበሳውን ስስ አጥንት አልፈው ወደ አንጐል ይገባሉ፤ በአንጐል ሥር በተኙት፣ በሽንኩርት ራስ ተመስለው በተሰየሙት ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ዘንድም ያርፋሉ። እነዚህ «የማሽተት ራስ» ሊባሉ የሚገባቸው ክፍሎች የመጣውን መልእክት ያጣራሉ፤ ከዚያም ወደ ውስጠኛው አንጐል ይሰዱታል።

በዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። ከዐይን፣ ከጆሮና ከቈዳ የሚመጣው መልእክት አስቀድሞ በአንጐል መካከል ባለው ታላመስ በተባለው ክፍል በኩል ያልፋል። ታላመስ እንደ እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ወደሚገባው ስፍራ ያስገባል። ሽታ ግን በዚህ እልፍኝ አስከልካይ ፊት ሳይቆም፣ ስሜትና ትዝታ ወደሚኖሩበት ጓዳ በቀጥታ ይገባል። ሽታን የሚለየው የአንጐል ቅርፊት፣ ፍርሃትንና ደስታን የሚመዝነው በለውዝ ፍሬ አምሳያ አሚግዳላ የተባለው ክፍል፣ ትዝታን የሚያስገባና የሚያስወጣ ደጅ የሆነው ኢንቶራይናል የተባለው ክፍል፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር ጐረቤታሞች ናቸው። ከዚህም ደጅ ቀጥሎ አዲስ ነገርን በመዝገብ የሚጽፈው ሂፖካምፐስ ይገኛል። ሰው በልጅነቱ የለመደውን ሽታ ባገኘው ጊዜ ሳያስበው የዱሮው ዘመን በልቡ የሚመጣበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው።

አልዛይመርም ሥራውን የሚጀምረው በዚሁ ሰፈር ነው። ሃይኮ ብራክና ኤቫ ብራክ የተባሉ በፍራንክፈርት የነበሩ ባልና ሚስት የ83 ሰዎችን አንጐል መርምረው፣ በ1991 ዓ.ም. የታው ውስብስብ በአንጐል ውስጥ የሚስፋፋበትን ሥርዐት በስድስት ደረጃ ከፍለው ጻፉ። ከአንጐል ቅርፊት ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ስፍራ ኢንቶራይናልና በአጠገቡ ያለው ክፍል ነው፤ ከዚያ ወደ ሂፖካምፐስ፣ በመጨረሻም ወደ ሰፊው የአንጐል ቅርፊት ይሄዳል። በ1996 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ፣ በሽታው ገና እጅግ ቀላል በሆነባቸው ሰዎች ዘንድ እንኳ በኢንቶራይናል ሁለተኛ ድርብ ውስጥ ከሚገኙት የነርቭ ሴሎች ከግማሽ የሚበልጡት ጠፍተው መገኘታቸውን አሳየ። ይኸውም ሰውየው «ትንሽ ይረሳል» በሚባልበት ጊዜ ደጁ ቀድሞውኑ ተዘርፎ እንደ ነበር ያስረዳል። በማሽተት ራስና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው የሽታ ክፍል ውስጥም ይኸው የታው ውስብስብ በሕሙማን ዘንድ በብዛት ተገኝቷል።

በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በሙኒክ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አዲስ ነገር ጨመሩ። በአንጐል ግንድ ውስጥ በላቲን ቋንቋ «ሰማያዊ ስፍራ» የተባለ ትንሽ ክፍል አለ፤ እርሱም ትጋትንና ንቃትን የሚያዝዝ ሲሆን፣ ረጃጅም ክሮቹን እስከ ማሽተት ራስ ድረስ ይልካል። በአንጐል ውስጥም ቈሻሻን የሚጠርጉና ጠላትን የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። በበሽታው ጊዜ ከሰማያዊው ስፍራ የሚመጡት ክሮች መታመማቸውን የሚያመለክት ምልክት በላያቸው ያወጣሉ፤ ጠባቂዎቹም ያን ምልክት አይተው ክሮቹን እንደ ጕድፍ ቈጥረው ይበሏቸዋል። ይህም በአይጦች ላይ ታይቶ፣ ከሕሙማን በተወሰደው የአንጐል ቅንጣት ላይ በተደረገው ምርመራም ተደግፏል። እንግዲህ የማሽተት መድከም በአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አንዱ ክፍል ሲታመም፣ አንዱም በጠባቂው ሲጐዳ፣ አንዱም ከሌላው የሚመጣለት መልእክት ሲቋረጥበት ነው።

ጕድለቱ በሰውየው ላይ የሚገለጥበት መልክ ደግሞ መለየት አለበት። ሽታ መኖሩን መስማት አንድ ነገር ነው፤ የሸተተው ምን እንደ ሆነ ማወቅና ስሙን መጥራት ሌላ ነገር ነው። በአልዛይመር መጀመሪያ ላይ በተለይ የሚጐዳው ይህ ሁለተኛው ነው። ሰውየው አንድ ነገር እንደ ሸተተው ይናገራል፤ ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ይሁን ሎሚ ለመለየት ይቸገራል። ሽታውን ከተከማቸው ትዝታ ጋራ የሚያገናኘው መንገድ ስለ ተበላሸ ነው።

ይህን ለመመዘን በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ዶቲ የተባለው ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1984 ዓ.ም. የታወቀ መፈተኛ አወጣ። መፈተኛው 40 ሽታዎች በወረቀት ላይ የተቀቡበት ደብተር ነው፤ ተፈታኙ ወረቀቱን ይፍቃል፣ ያሸታል፣ ከተጻፉለት ከአራት ስሞችም አንዱን ይመርጣል። በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ መፈተኛ መለስተኛ የመርሳት ምልክት ላለባቸው 90 ሰዎች ሰጥተው ከተከታተሏቸው በኋላ በ2000 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሽታ በመለየት ዝቅ ያለ ውጤት ያገኙት ወደ አልዛይመር ለመድረስ የቀረቡ መሆናቸውን፣ ይልቁንም ሽታ መለየት ሳይችሉ «ማሽተቴ ደኅና ነው» የሚሉት አደጋው የበረታባቸው መሆኑን ገለጡ። ይህ የመጨረሻው ቃል በጥብቅ ሊታሰብበት ይገባል። የጐደለበትን የሚያውቅ ሰው ረዳት ይፈልጋል፤ መጕደሉን የማያውቅ ግን ሌላ ሰው ካላስተዋለለት በቀር የሚደርስለት የለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍርድ በአንድ ምስክር እንደማይጸና ሁሉ፣ በማሽተት መድከም ብቻ በአንድ ሰው ላይ የአልዛይመር ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም። ያው ዶቲና ባልንጀሮቹ እንደ ጻፉት፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 80 ከሆነው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት፣ ከ80 ካለፉትም ከአራት እጅ ሦስቱ የሚበልጡት ማሽተታቸው የደከመ ነው፤ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የአልዛይመር ሕመምተኞች አይደሉም። ጕንፋንና የአፍንጫ ሕመም፣ በራስ ላይ የደረሰ ምት፣ የትምባሆ ጢስ ማሽተትን ያደክማሉ። ፓርኪንሰን የተባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታም እንዲሁ ከመንቀጥቀጡ በፊት ማሽተትን ይወስዳል። በ2020 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተስፋፋው የኮሮና ወረርሽኝም የብዙ ወጣቶችን ማሽተት ነጥቆ ነበር።

ችኰላ እንዴት እንደሚያስት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ጥቂት የኦቾሎኒ ቅቤና አንድ ማስመሪያ ብቻ ይዘው የአልዛይመር ሕሙማንን ለመለየት እንደ ቻሉ ጻፉ፤ በሕሙማኑ ዘንድ የግራው የአፍንጫ ቀዳዳ ከቀኙ ይልቅ ደክሞ ተገኘ ተባለ። ወሬው በጋዜጦች ፈጥኖ ተሰማ። በሚከተለው ዓመት በፔንሲልቬኒያ ያሉት ሊቃውንት ነገሩን ደግመው ቢመረምሩት በግራና በቀኝ መካከል ያ የተባለው ልዩነት አልተገኘም። ምርመራ በሁለተኛ ምርመራ እስኪጸና ድረስ በእርሱ ሰውን መፈረጅ እንደማይገባ ከዚህ ይታወቃል።

አንዳንዱ ሰው «መድኀኒት ለሌለው በሽታ አስቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል? ኀዘንን ማርዘም አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ2023ና በ2024 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የመድኀኒት መሥሪያ ቤት ሌካነማብና ዶናነማብ የተባሉ አሚሎይድን የሚያጸዱ ሁለት መድኀኒቶችን በሙሉ ፈቃድ አጽድቋል፤ እነዚህ ግን በሽታውን በመጠኑ ያዘገዩታል እንጂ አያድኑትም፤ ዋጋቸውም ከባድ ነው፤ በአንጐል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያመጡ ስለሚችሉ ብርቱ ጥበቃ ይሻሉ። የሚረዱትም በበሽታው መጀመሪያ ላይ ያለውን ሰው ነው። እንግዲህ በመድኀኒት በኩል ያለው ተስፋ ገና ጠባብ መሆኑ እውነት ነው።

ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ከመድኀኒት በቀር ሌላ ታላቅ ጥቅም አለው፤ እርሱም ጊዜ ነው። አእምሮው ገና የጸና ሰው ኑዛዜውን በራሱ ቃል ይናገራል፤ ዕዳውንና ገንዘቡን ለይቶ ያስጽፋል፤ የተጣላውን ይታረቃል፤ ማን እንዲጦረው እንደሚወድ ለልጆቹ ያስታውቃል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን የእርሱ ፈቃድ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ ልጆቹ በየፊናቸው «አባታችን ለእኔ ብሏል» እያሉ ይካሰሳሉ፤ ዳኛውም በጨለማ ይፈርዳል። በምልክቱ መጀመሪያ ላይ የተደረገ አንድ ቀን ምክር ከኋላ የሚመጣውን የዐሥር ዓመት ሙግት ሊያስቀር ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለ። የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር ያለበት አይደለም። የቢ12 ቪታሚን ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የበረታ የልብ ኀዘንና መተከዝ የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። በጊዜ ያልተመረመረ ሽማግሌ ሊድን ከሚችል ሕመም ሳይድን፣ «አርጅቷል፣ ጃጅቷል» ተብሎ በማእዘን ተቀምጦ ይቀራል። ይህ ከበሽታው ይልቅ የሚያሳዝን ጕዳት ነው።

የቤት ውስጥ አደጋም ሊታሰብ ይገባል። ማሽተቱ የጠፋበት ሰው ድስቱ ሲያር፣ ልብስ እሳት ይዞት ሲጤስ፣ የማብሰያው ጋዝ ሲያፈተልክ፣ ወጡ ሲሻግት አያውቅም። ከዚህም በላይ የምግብ ጣዕም አብዛኛው ክፍል በማሽተት የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ሽማግሌው «ወጡ አይጥምም፣ ምራቴ ሙያ የላትም» እያለ ማዕድ ገፍቶ ይነሣል፤ ሰውነቱም ይከሳል። በቤት ውስጥ ጠብ የሚነሣበት ነገር የሙያ ጕድለት ሳይሆን የሕዋስ ድካም መሆኑ ቢታወቅ፣ ለሽማግሌውም ለምራቱም ዕረፍት ይሆን ነበር።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ የጤና ባለሥልጣኖች በዕድሜ የገፉት ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት በመጡ ጊዜ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንደሚጠየቁ ሁሉ ስለ ማሽተትም እንዲጠየቁ ቢያዝዙ መልካም ነው። ይህ ጥያቄ ዋጋ አያስወጣም። አንጐልን በሥዕል የሚያሳዩት መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ በ2025 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደውም የደም ምርመራ በየገጠሩ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የማሽተት ፈተና ግን በአንዲት ጠረጴዛ ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ነው፤ የሚያስፈልገውም ምርመራው ሊቀጥልለት የሚገባውን ሰው ለመለየት እንጂ በሽታውን ለመወሰን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፈተናው በውጭ አገር እንደ ተሠራ ተወስዶ ሊሰጥ አይገባም። በአሜሪካው ደብተር ውስጥ ፒዛና ሩት ቢር የተባለው የአገሩ ለስላሳ መጠጥ ይገኙበታል፤ በደብረ ብርሃን ወይም በጎንደር ገጠር ያረጀ ሰው እነዚህን ባይለይ አእምሮው ደከመ ሊባል አይቻልም፤ ቀድሞም አያውቃቸውምና። ሌሎች አገሮች ፈተናውን በየሕዝባቸው ልማድ እንዳስተካከሉት፣ በዚህ አገርም የሚቈላ ቡና፣ ዕጣን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ የተነጠረ ቅቤና ይህን የመሳሰለው ሁሉ ሊመረጥ ይችላል። ይህም በዩኒቨርሲቲዎች በሚገኙ መምህራንና ሐኪሞች አስቀድሞ በጤነኞች ላይ ተፈትኖ ልኩ መታወቅ አለበት። ያልተመዘነ ሚዛን በገበያ እንደሚያሳስት፣ ያልተመዘነ ፈተናም በሐኪም ቤት ያሳስታል።

ሦስተኛ፣ በሽታውን ከሩቅ ለመከላከል የሚቻለውን ማድረግ ይገባል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስም የተሰበሰቡ ሊቃውንት በ2024 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፣ ሊታረሙ የሚችሉ 14 ምክንያቶች ቢታረሙ በዓለም ላይ ካሉት የመርሳት በሽታዎች ከመቶው ወደ 45 የሚጠጋው ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከእነዚህም መካከል የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ መጠጥ ማብዛት፣ የራስ ምት፣ የጆሮና የዐይን መድከም፣ የአየር መበከል፣ ከሰው ተለይቶ መኖር ይገኛሉ። ልጅን ማስተማር ከስድሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሽማግሌ አእምሮ ስንቅ መሆኑ ከዚህ ይታያል። እንዲሁም ሽማግሌን ከማኅበሩ፣ ከዕድሩና ከጨዋታው አለመለየት የርኅራኄ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሕክምናም ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ሕዝብን የሚያስተምሩ ካህናት በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። ቃላቸው በየቤቱ ይሰማል። የሚረሳ ሰው ስለ ኀጢአቱ የተቀጣ ወይም መንፈስ ያደረበት ነው የሚለው አሳብ፣ ሕመምተኛውን ከሐኪም ያርቃል፤ ቤተ ሰቡንም በኀፍረት ያስጨንቃል፤ አስታማሚውም ምክር የሚጠይቅበትን በር ያጣል። ካህኑ ጸሎቱን ሳያቋርጥ «ወደ ሐኪምም ውሰዱት» ያለ እንደ ሆነ፣ ከብዙ አዋጅ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ደግሞም በየዕለቱ ዕጣን በሚጤስበት ስፍራ የሚያገለግል ካህን፣ በዕድሜ የገፋው ባልንጀራው ሽታውን መለየት እንዳቃተው፣ ያነበበውንም ቶሎ መርሳት እንደ ጀመረ ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊያስተውል ይችላል።

ዳኞችና ሹሞችም እንዲሁ። የሽማግሌ ቃል በፊታቸው ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ ሐሰት ነው ብለው ከመፍረዳቸው በፊት የሐኪም ምስክር መጠየቅ ለፍርዳቸው ጽናት ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ «አባታችን አእምሮ የለውም» እያለ ገና ጤነኛ የሆነውን ሰው ከንብረቱ ሊያወጣ የሚሻ ወራሽ አይጠፋምና፣ የማሽተት መድከም ወይም ጥቂት መርሳት ብቻ የሰውን መብት ለመግፈፍ ምክንያት እንዳይሆን ሊጠብቁ ይገባቸዋል። ሰውን ለመርዳት የተገኘ ዕውቀት ሰውን ለመዝረፊያ እንዳይውል መጠንቀቅ የሹመት ግዴታ ነው።

አልዛይመር ከሰው ላይ የሚወስደው ብዙ ነው፤ ስሙን፣ ዘመዱን፣ ቤቱን ያስረሳዋል። ይህን ሁሉ ከመውሰዱ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ከማሽተት ክፍሎች ይጀምራል። በቤት ያለ ሰው የሽማግሌውን ማሽተት ቢጠይቅ፣ ሐኪሙ ቢመረምር፣ ባለሥልጣኑ የሚመረመርበትን ሥርዐት ቢያዘጋጅ፣ ካህኑ ኀፍረቱን ቢያስወግድ፣ በሽታው ባይድን እንኳ ሰውየው ገና ራሱን በሚያውቅበት ጊዜ ስለ ራሱ ይናገራል። ለሽማግሌ ከሚደረግለት ክብር ሁሉ የሚበልጠውም፣ ስለ ቤቱና ስለ ኑሮው የመጨረሻውን ቃል ራሱ እንዲናገር ጊዜ መስጠት ነው።